ሄሞግሎቢኔ ደህና፣ ፌሪቲኔ ባዶ

ድካሙ አላስነሳ ቢለኝ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለች አንዲት የግል ላቦራቶሪ ገባሁ። የደም ቀጂዋ እጅ ግሩም ነው፤ መርፌው ሳይሰማኝ "አለቀ እኮ፣ እትዬ" አለችኝ። ውጤቱም በቀጠሮው ደረሰ።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) 12.6፣ አጠገቡ "ኖርማል"። ታች ፌሪቲን 9፣ ምንም ምልክት የለበት! ስጠይቅ "ሐኪምሽ ያይልሻል" ብለው ሸኙኝ።

ሐኪሙ ነው ያስረዳኝ፦ ፌሪቲን የብረት ጎተራ ነው፣ ሄሞግሎቢን መሶቡ። ጎተራው ተሟጦም መሶቡ ለጊዜው ሙሉ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ፌሪቲን ከ15 በታች ሲሆን የብረት እጥረት ይለዋል። በዚያ ላይ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ ሄሞግሎቢንን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርግ የኔው 12.6 ያን ያህል አያኮራም። ተገላቢጦሹም አለ፦ ኢንፌክሽን ሲኖር ብረቱ ሳይጨምር ፌሪቲን ስለሚጨምር፣ ትኩሳት ላይ ሆናችሁ ብትመረመሩ ቁጥሩ ያታልላችኋል።

ሌላው የድካም ሰበብ ሊሆን የሚችለውን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ምርመራ እዚያው አይሠሩም፤ ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፣ ዋጋውም ይከብዳል። እኔ ተውኩት።

ለእጃቸው ከ5 አምስት፣ ለማስረዳት ሁለት። "የብረት ክኒኑን ከቡናና ከሻይ አርቂው" የሚለውን እንኳ የነገረኝ ፋርማሲስቱ ነው፤ ያውም ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ስወጣ።