ለሐዋሳ ደመወዝተኛ የቴሌብር ብድርና ቁጠባ ያዋጣል?

የወሩ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከተከፈለበት፣ ጤፍና ዘይት ከተገዛበት በኋላ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ለመዝለቅ ይከብደዋል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ሠራተኛም ሆነች በክልሉ ቢሮ የተቀጠረ ባለሙያ ያን ጊዜ ያላቸው ምርጫ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ከሱቅ በዱቤ መውሰድ፣ ከባልደረባ መበደር ወይም ስልክ ከፍቶ መበደር። ይህ ግምገማ ስለ መጨረሻው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ሦስት አገልግሎቶች ጨመረበት፦ መላ የተባለው አነስተኛ ብድር፣ ሂሳብ ሲያንስ ጉድለቱን የሚሞላው እንደኪሴ እና ሳንዱቅ የተባለው ቁጠባ። ሦስቱም በአንድ ስልክ ውስጥ ስለሚገኙ እኩል ይመስላሉ፤ ግን እኩል አይደሉም። ሳንዱቅን ለማንም እንመክራለን። እንደኪሴን ለጥቂት ቀናት ብቻ። መላን ደግሞ ዕቃ ገዝቶ ለሚሸጥ፣ ገንዘቡን ለሚያዞር ሰው እንጂ ለአስቤዛ አንመክርም።

ምክንያታችን ዋጋው ነው። የስልክ ብድር ዋጋ በአብዛኛው የሚቀርበው በዓመታዊ ወለድ መልክ ሳይሆን በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር በሚታሰብ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ታሪፉ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ከመሸምደድ ስሌቱን ማወቅ ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንውሰድ፦ አንድ አበዳሪ 2,000 ብር ለ30 ቀን በ8 በመቶ ክፍያ ሰጠ እንበል። ክፍያው 160 ብር ነው። ይህ 160 ብር ከፊት ከተቀነሰ በእጅዎ የሚገባው 1,840 ብር ይሆናል፤ የሚመልሱት ግን 2,000 ነው። ስለዚህ 160ን ለ2,000 ሳይሆን ለ1,840 ያካፍሉ፤ 8.7 በመቶ ይመጣል። ይህን በ365 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉት በዓመት 106 በመቶ ገደማ ነው። «8 በመቶ» ሲባል ያልታየው ዋጋ እዚህ ላይ ይገለጣል።

ሌላም አለ። ክፍያው ቁርጥ ከሆነ ቀድሞ መክፈል አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያንኑ 160 ብር በ7 ቀን ከመለሱት ብድሩን በዓመት ከ450 በመቶ በላይ በሆነ ዋጋ ገዝተዋል ማለት ነው። ክፍያው በየቀኑ የሚቆጠር ከሆነ ግን ባጃጅ ነድቶ ማታ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው በሦስተኛው ቀን ቢዘጋው ብዙ ያተርፋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ «እስማማለሁ» የሚለውን አይጫኑ።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያስቀና ነው። አበዳሪ ውል ከማስፈረሙ በፊት ማናቸውንም ክፍያ ያካተተውን ዓመታዊ የብድር ዋጋ በአንድ ቁጥር ማሳየት አለበት፤ ተበዳሪውም በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ከውሉ መውጣት ይችላል። የእነሱ ቀመር የወለድ ወለድንም ስለሚቆጥር ከላይ ያለው ምሳሌያችን በዚያ ሚዛን ወደ 176 በመቶ ይጠጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች ብድር መመሪያ ግን ከ200 ዩሮ በታች ያሉ ብድሮችን ሳይጨምር ቀርቶ ነበር። ውድ የሆኑትና ኪሱ የሳሳ ሰው የሚወስዳቸው ደግሞ እነዚያው ትናንሾቹ ናቸው። በ2023 የጸደቀው አዲሱ መመሪያ እነሱንም አካቷል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ከኅዳር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። አውሮፓ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ይህን ያህል ዓመት ከፈጀባት፣ የእኛ አገልግሎት ሰጪዎች ቁጥሩን ከወዲሁ በስክሪኑ ላይ ቢያሰፍሩት ትልቅ ነገር ሠሩ እንላለን።

ቁጥሩ ጎልቶ መታየት አለበት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዩሮባሮሜትር ጥናት ከኅብረቱ ዜጎች ከፍተኛ የፋይናንስ ዕውቀት ያሳዩት 18 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 64 በመቶ መካከለኛ፣ 18 በመቶ ዝቅተኛ ሆነው ተገኙ። ከሩብ በላይ ዜጎቻቸው በከፍተኛው ደረጃ የተመደቡላቸው አገሮች ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ስሎቬንያ ብቻ ነበሩ። የወለድ ወለድን የሚመለከተውን ጥያቄ በትክክል የመለሱትም ከግማሽ በታች ናቸው። የባንክ ደብተር ለትውልዶች የያዘ ሕዝብ እንዲህ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ደመወዟን በስልክ የተቀበለች ወጣት በረጅም ውል ውስጥ የተቀበረ ዋጋ ፈልጋ ታግኝ ማለት ፍትሕ አይደለም።

እንደኪሴ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፒያሳ ላይ መድኃኒት ሲገዙ ሂሳብዎ በ150 ብር ቢያንስ ጉድለቱን ይሞላና ክፍያው ያልፋል። የሚያጠፋው ልማድ ሆኖ ሲቀር ነው። በእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ወደ ቦርሳው የሚገባ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ዕዳው ነው፤ እህትዎ ለልጅ ትምህርት ብላ የላከችው ብር ገና ሳያዩት ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ለተወሰነ ጉዳይ የሚላክ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ዕዳውን ይዝጉ፤ ካልሆነ በሌላ ሂሳብ ይቀበሉ።

ሳንዱቅ ላይ ብዙ ነቀፌታ የለንም። ወለድ ለማይወስድ ሰው ያለ ወለድ የሚቆጥብበት አማራጭ አለው፤ ትንሽ ብር ለማስቀመጥ ወረፋ አያሰልፍም። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ሰው ከዕለት ገቢው 50 ብር ወደዚያ ቢያሻግር ብሩ ከኪስ ይርቃል፤ ከወለዱ ይልቅ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ወለዱን በተመለከተ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ወለሉን (ዝቅተኛውን መጠን) ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር፤ በ7 በመቶ 10,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ ግብር ሳይነሳ 700 ብር ያስገኛል። የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ላስታወሰ ሰው ቁጥሩ አያጽናናም። አውሮፓውያንም ከዚህ አላመለጡም፦ በዩሮ አገሮች ንረቱ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. 10.6 በመቶ ሲደርስ የቁጠባ ወለዳቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሆኖም ከፋይናንስ ሀብታቸው አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ዛሬም በጥሬ ገንዘብና በባንክ ተቀማጭ ይይዛሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ዋስትናው ነው፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ዩሮ ይመለሳል። በእኛም አገር የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ሽፋኑም እስከ 100,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰው በሁለት ባንክ ቢከፍለው ይሻለዋል። በቴሌብር ቦርሳ ተራ ሂሳብ ውስጥ ያለ ብርና በባንክ ቁጠባ ውስጥ ያለ ብር ግን አንድ አይደሉም፤ ለመገበያያ የሚሆነውን ብቻ ቦርሳው ላይ ያቆዩ።

የሳንዱቅ እውነተኛ ተፎካካሪ ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል ዕጣ በመጀመሪያው ወር የወጣለት 12,000 ብር ይወስዳል፤ ከራሱ 1,000 ብር ሌላ ያለውን 11,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ባለ ዕጣ ደግሞ አንድ ዓመት ያለ ወለድ ቆጠበ። ባለ ሱቅ ከሆኑ ዕጣው ቶሎ እንዲደርስዎ ከሌላ አባል ጋር መቀያየር ያዋጣል። ለወር ደመወዝተኛ ግን ትልቁ ነገር ዳኛውና ዋሱ ናቸው፦ ዕጣ የወሰደ ሰው ዋስ ሳያቀርብ ብር የሚሰጥ ዕቁብ ውስጥ አይግቡ። የመድን ፈንዱ ዕቁብን አይሸፍንም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ብድር ከመውሰድዎ በፊት አራት ነገር በወረቀት ይጻፉ፦ በእጅ የሚገባውን፣ የሚመልሱትን፣ የመክፈያውን ቀንና ቀኑ ካለፈ የሚጨመረውን ቅጣት። ቀኑ ከደመወዝ ቀን በፊት ከዋለ አይውሰዱ። የፓርክ ደመወዝ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ቢያንስ የሦስት ቀን ርቀት ይተዉ። አንዱን ብድር በሌላ ስልክ ብድር መክፈል ከጀመሩ ችግሩ ደመወዙ ራሱ ነውና ከሁሉም አስቀድሞ ወጪውን መመርመር ያስፈልጋል። ደረሰኝ መልእክቶችን አያጥፉ፤ ቅሬታ ሲነሳ የሚታየው የግብይቱ ቁጥር ነው።

ማጭበርበሩም ሊነገር ይገባል። የተለመደው ዘዴ «በስህተት 3,000 ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ስልክ ነው፤ ከእሱ ቀድሞ የባንክ የሚመስል መልእክት ይገባል። መልእክቱን ትተው በ127 ኮድ ወይም በመተግበሪያው ገብተው የራስዎን ቀሪ ሂሳብ ይዩ። ሻጭ ከሆኑም ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳየውን ምስል እንደ ክፍያ አይቁጠሩ፤ ዕቃውን የሚያስረክቡት ብሩ በእርስዎ ሂሳብ ሲታይ ነው። ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ የባንክም ሆነ የቴሌ ሠራተኛ የለም። በአውሮፓ ባለቤቱ ሳያውቅ በወጣ ክፍያ ደንበኛው ራሱ ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸመ በቀር የሚሸከመው ቢበዛ 50 ዩሮ ነው፤ እዚህ ሚስጥር ቁጥርዎን ለሰው ከሰጡ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ከባድ ስለሆነ ጥንቃቄው በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ሲም ካርድ ከጠፋ ለፖሊስ ከማመልከት በፊት ቁጥሩን ያዘጉ።

በመጨረሻ፣ ከሐዋሳ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩ ወይም ቁጥራቸውን የሚለውጡ ሠራተኞች ያልተዘጋ ብድር ይዘው አሮጌውን ሲም መጣል የለባቸውም። ዕዳውና የብድር ታሪኩ የተያዘው በዚያ ቁጥር ነው፤ በሳንዱቅ ያጠራቀሙትም እንዲሁ። መጀመሪያ ብድሩን ይዝጉ፣ ቁጠባውን ወደ ባንክ ሂሳብ ያሻግሩ፣ የመዝጊያ መልእክቱ መድረሱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ቁጥሩን ይለውጡ።