ጄክል ከመንፈቅ አገልግሎት በኋላ፦ ስለ ሜኑና ስለ ፕለጊን

ጄክልን የመረጥኩት የአማርኛ ጽሑፎች የማወጣበትን አነስተኛ ድረ ገጽ ያለ ዳታቤዝና ያለ ወርሃዊ የሰርቨር ኪራይ ለማስተዳደር ነው። ከመንፈቅ በላይ ተጠቅሜበታለሁ። ይህ ግምገማ የሚያተኩረው ግን ተከላው ካለቀ በኋላ በሚመጡት ሁለት ሥራዎች ላይ ነው፤ እነርሱም የሜኑውን መልክ ማስተካከልና ፕለጊን (ተጨማሪ ተግባር የሚሰጥ ቅጥያ) መጨመር ናቸው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይነሡ እንጂ የሚያስከፍሉት ዋጋ ፈጽሞ አይመሳሰልም። ሜኑ አንዴ በአግባቡ ከተሠራ ወደ እርሱ መመለስ አያስፈልግም፤ ፕለጊን ግን ድረ ገጹ የትና እንዴት እንደሚገነባ ጭምር ይወስናል።

ለማያውቁት አንባብያን ያህል፣ ጄክል ጊትሀብ ከተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ መሥራቾች አንዱ በሆነው ቶም ፕሬስተን ወርነር በ2008 የተጀመረ፣ ሩቢ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ማርክዳውን በተባለ ቀላል የአጻጻፍ ምልክት የተዘጋጀን ጽሑፍ የገጹን አቀማመጥ ከሚወስን ቅጽ (ቴምፕሌት) ጋር አዋሕዶ ያለቀለት ኤችቲኤምኤል ያወጣል። ጎብኚው ገጹን በከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ የሚያሰላው ነገር ስለሌለ፣ ገጹ በደካማ የሞባይል ኢንተርኔትም ቶሎ ይከፈታል።

አዲስ ሥራ ሲጀመር ከጄክል ጋር የሚመጣው ሚኒማ የተባለው ገጽታ (ቲም) ለሜኑ የራሱ አሠራር አለው። ርዕስ ያለውን ገጽ ሁሉ በራስጌው ላይ ይደረድራል፤ የትኞቹ ገጾች በምን ቅደም ተከተል ይውጡ የሚለውንም በኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉ መወሰን ይቻላል። ጥቂት ገጾች ብቻ ላሉት ሰው ይህ ይበቃል። ሆኖም ሜኑው ላይ የሚወጣው ስም የገጹ ርዕስ ራሱ ስለሆነ፣ «ስለዚህ ድረ ገጽና ስለ አዘጋጁ» የሚል ርዕስ በዚያው ርዝመቱ ይሰፍራል፤ ንዑስ ሜኑም ሆነ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ በዚህ መንገድ አይገባም።

ስለዚህ የሜኑውን ዝርዝር በዳታ አቃፊው ውስጥ ወዳስቀመጥኩት ያምል በተባለ ቀላል የዝርዝር አጻጻፍ ወደተዘጋጀ ፋይል አዛወርኩት። እያንዳንዱ የዝርዝሩ አባል ስምና አድራሻ፣ ካስፈለገም የራሱ ንዑስ ዝርዝር ይኖረዋል፤ የራስጌው ቅጽ ደግሞ የጄክል ቅጾች በሚጻፉበት በሊኩዊድ ቋንቋ ዝርዝሩን እየዞረ ያወጣዋል። ይህ አሠራር አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም አለው። ጄክል በሙከራ ሰርቨሩ ላይ እየሠራ ሳለ የኮንፊግ ፋይሉን ለውጥ አያነብም፤ ዘግቶ እንደገና ማስነሣት ግድ ይላል። የዳታ ፋይል ለውጥ ግን ወዲያው ይታያል። የሜኑ ስያሜ እስኪጥም ድረስ ለሚለዋውጥ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

የራስጌውን ቅጽ ለመለወጥ የገጽታውን ፋይል ወደ ራስ አቃፊ መቅዳት በቂ ነው፤ ጄክል ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሲያገኝ የባለቤቱን ያስቀድማል። የተቀዳው ፋይል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የገጽታው ማሻሻያ አይደርሰውም። እኔ የቀዳሁት ራስጌውን ብቻ ነው፤ ቀለሙንና ክፍተቱን የለወጥኩት የሚኒማን ስታይል የሚጠራ አንድ የሳስ (የስታይል መጻፊያ ቋንቋ) ፋይል አዘጋጅቼ የራሴን መስመሮች ከሥሩ በመጨመር ነው። በነገራችን ላይ፣ የሚኒማን ማብራሪያ የሚያነብ ሰው ስሪቱን ልብ ይበል። በኮዱ ዋና ቅርንጫፍ፣ ማለትም ገና በሚለማው ቅጂ፣ ላይ ያለው ማብራሪያ የሚዘረዝራቸው የቀለም ስብስቦች እኔ በጄምነት (በሩቢ ጥቅልነት) በጫንኩት 2.5 ስሪት ውስጥ የሉም።

ሚኒማ ስፋቱ ከ600 ፒክሰል በማይበልጥ ስክሪን ላይ ሜኑውን ከሦስት መስመር ምልክት ኋላ ይሸሽገዋል። ይህንንም ያለ ጃቫስክሪፕት፣ በተደበቀ የምርጫ ሳጥን ብቻ ስለሚሠራው አልነካሁትም። ተቆልቋይ ንዑስ ሜኑ ግን የራሴ ሥራ ነበር። መጠቆሚያው ሲያርፍበት የሚከፈተው የተለመደ ስታይል በስልክ ላይ አስተማማኝ አይደለም፤ በጣት የሚነካ ስክሪን ላይ «ማረፍ» የሚባል ነገር የለምና። በእርሱ ፋንታ ኤችቲኤምኤል ራሱ ያለውን ተከፋች ዝርዝር ተጠቀምኩ፤ በጣትም በኪቦርድም ይከፈታል።

የግዕዝ ፊደል በሜኑ ላይ የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ለላቲን ፊደል የታሰቡ ስታይሎች የሜኑ ቃላትን ወደ ትልቁ ፊደል ይለውጣሉ፣ በፊደላቱ መካከልም ክፍተት ይጨምራሉ። የመጀመሪያው በአማርኛ ላይ ምንም አይሠራም፤ ሁለተኛው ግን ቃሉን በታትኖ ንባቡን ያከብደዋል፤ ስለዚህ አጠፋሁት። የመስመር ከፍታውንም ከ1.5 ወደ 1.7 ከፍ አድርጌዋለሁ። በፎንቱ ዝርዝር ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ለዊንዶውስ ደግሞ ኤብሪማንና ኒያላን አስቀድሜ ጠርቻለሁ።

አንባቢው ያለበትን ክፍል በሜኑው ላይ አድምቆ ማሳየት ቀላል ቢመስልም ወጥመድ አለው። የገጹ አድራሻ የሜኑውን አድራሻ «ይይዛል ወይ» ብሎ መጠየቅ ለንዑስ ገጾች ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የመነሻ ገጹ አድራሻ አንድ ሰያፍ መስመር ብቻ ስለሆነና እርሱም በሁሉም አድራሻ ውስጥ ስለሚገኝ «መነሻ» የሚለው ቃል በየገጹ ደምቆ ይቀራል። ለመነሻው ብቻ ሙሉ እኩልነትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ፕለጊኖቹ ስመጣ፣ ያለ ማመንታት የምመክራቸው ሦስት ናቸው፤ አዳዲስ ጽሑፎችን ለተከታታዮች የሚያስተላልፈውን ፊድ የሚያወጣው ጄክል ፊድ፣ ለፍለጋ ሞተሮች የገጽ መግለጫ የሚጽፈው ጄክል ኤስኢኦ ታግና የገጾቹን ዝርዝር የሚያዘጋጅላቸው ጄክል ሳይትማፕ። የሚያስፈልጉት ጄሞች በሚዘረዘሩበት ጄምፋይል ውስጥ ባለው የጄክል ፕለጊኖች ምድብ ሥር ይጻፋሉ፣ ባንድለር በተባለው የጄም መጫኛ ይጫናሉ። ፊዱ ካልነገሩት በቀር የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ያወጣል። የኤስኢኦው ፕለጊን ደግሞ ቋንቋው ካልተገለጸለት ገጹን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ብሎ ስለሚያስተዋውቀው፣ በኮንፊጉ ውስጥ የአማርኛን ኮድ መጻፍ መዘንጋት የለበትም።

ዋናው ጉዳይ ከዚህ ወዲያ ነው። ጊትሀብ ፔጅስ የተባለው የጊትሀብ የድረ ገጽ ማስተናገጃ አገልግሎት የጄክልን ድረ ገጽ ራሱ ሲገነባ የሚያሠራው የፈቀዳቸውን ፕለጊኖች ብቻ ነው፤ ከላይ ያሉት ሦስቱ ይፈቀዳሉ፣ ባለቤቱ በሩቢ የጻፈው ግን አይሠራም። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ኮድ በራስ ማሽን ላይ ማስኬድ አደጋ አለውና። በተጨማሪም ጄክል 4 በ2019 የወጣ ቢሆንም ይህ አገልግሎት የቆየው በ3ኛው ተከታታይ ስሪት ላይ ነው። የኔን ድረ ገጽ ከዚህ ያስወጣው የዘመን አቆጣጠራችን ነበር። ጄክል ቀንን የሚያወጣው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ የወራቱንም ስም በእንግሊዝኛ ነው። ከዓመቱ 8 መቀነስ መፍትሔ አይሆንም፤ ከመስከረም 1 እስከ ጎርጎርዮሳዊው ዓመት ፍጻሜ ድረስ ልዩነቱ 7 ነውና። የጽሑፍ ፋይል ስምም በኢትዮጵያ ቀን ሊጀምር አይችልም፤ 13ኛ ወር ያለበትን ስም ጄክል እንደ ቀን አይቀበለውም።

ስለዚህ አጭር የሊኩዊድ ማጣሪያ፣ ማለትም በቅጹ ውስጥ አንድን ዋጋ ወደ ሌላ መልክ የሚለውጥ ኮድ፣ በሩቢ ጻፍኩ። ሩቢ ማንኛውንም ቀን ወደ ጁልያን የቀን ቁጥር (ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ ወደሚቆጠር ተከታታይ ቁጥር) ስለሚለውጥ፣ የቀረው ቁጥሩን በአራት ዓመት ዙር፣ ማለትም በ1461 ቀን አካፍሎ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ማውጣት ብቻ ነው፤ ጳጉሜን 5ም ሆነ 6 ቀን ስትሆን ሒሳቡ ራሱ ያስተናግዳታል። ኮዱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ለዚህች ገጽ ስል ግንባታውን በሙሉ የባለቤቱን ትእዛዞች በራስ ሰር ወደሚያስኬደው ጊትሀብ አክሽንስ ማዛወር ግድ ሆኗል፤ ይህም ማለት የሩቢን ስሪት መምረጥ፣ የጄሞቹን ትክክለኛ ስሪቶች የሚይዘውን መቆለፊያ ፋይል ከምንጭ ኮዱ ጋር ማስቀመጥና ግንባታው ሲከሽፍ መዝገቡን ማንበብ ከእንግዲህ የባለቤቱ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህ የስሪት ጉዳይ ተራ ነገር አይደለም። ለምሳሌ ሩቢ 3.0 ዌብሪክ የተባለውን ሰርቨር ከውስጡ ሲያስወጣው፣ ከ4.3 በፊት ያሉ የጄክል ስሪቶች የሙከራ ሰርቨራቸውን ለማስነሣት ዌብሪክን ለብቻው መጫን አስፈልጓቸው ነበር።

ከሞከርኳቸው መካከል ያስወገድኩት ጄክል ኢንክሉድ ካሽን ነው። በየገጹ የሚደጋገሙ ክፍሎችን አንዴ ብቻ እየገነባ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለግርጌ እጅግ ጥሩ ነው። ለሜኑ ግን አይሆንም፤ መጀመሪያ የተገነባው ገጽ ላይ የደመቀው ክፍል በሁሉም ገጽ ላይ ደምቆ ይገኛል። የገጹን አድራሻ እንደ መለያ ብንሰጠው ስህተቱ ይታረማል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ ቅጂ ስለሚሠራ የተቆጠበ ጊዜ አይኖርም።

የአማርኛ ርዕሰ ጉዳዮችን በፊደል ተራ ለመደርደር ደግሞ ፕለጊን ስፈልግ ቆይቼ፣ የሊኩዊድ መደበኛ ማጣሪያ በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ስለሚደረድርና ዩኒኮድም የሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራን ስለሚከተል ሥራው ያለ ምንም ተጨማሪ ተሟልቶ አገኘሁት። «ሠ» እና «ሰ» ተለያይተው ይሰፍራሉ፤ አጻጻፉ ወጥ ለሆነ ድረ ገጽ ግን ይህ አያስቸግርም።

አሁን የእንግሊዝኛ ክፍል እየጨመርኩ ነው። ለሁለት ቋንቋ የተዘጋጁ ፕለጊኖች ቢኖሩም አልጫንኳቸውም፤ በሜኑው ዳታ ፋይል ውስጥ አንዱን ዝርዝር በአማርኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ኮድ ሥር አስቀምጬ፣ ቅጹ በገጹ ላይ የተገለጸውን ቋንቋ አይቶ እንዲመርጥ አድርጌዋለሁ። እስካሁን የቀረኝ በአንደኛው ቋንቋ ብቻ ያለ ገጽ ሲከፈት የቋንቋ መቀየሪያው ወደ መነሻ ገጽ ይውሰድ ወይስ ከነጭራሹ አይታይ የሚለው ሲሆን፣ እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ።