በዓመት ሦስቴ የሚወጡ ዕቃዎች፦ የቴሌስኮፕ ሣጥኔ ከ14 ወር በኋላ

ስለ ቴሌስኮፑ ብዙ አልጽፍም። ባለ 150 ሚሊ ሜትር መስተዋት ዶብሶኒያን ነው (መሬት ላይ በሚያርፍ ቀላል መቆሚያ ላይ የሚዞር ዓይነት)፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር። ቪትዝ የኋላ ወንበር ላይ በሰያፍ ይገባል። ወድጄዋለሁ፣ ስለሱ የጻፈም ሞልቷል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት አብራው ስለምትዞረው የፕላስቲክ ሣጥን ነው። እህቴ ጥቅምት 2017 ከቨርጂኒያ ስትመጣ ትንንሾቹን ዕቃዎች በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች፣ ከዚያ ወዲህ 14 ወር ሆነው።

ሣጥኗ ውስጥ ያሉት ነገሮች ብዙውን ጊዜ አይነኩም። አንዳንዱ በዓመት ሦስቴ ይወጣል፣ አንዳንዱ አንዴ ብቻ። ግን ያቺ ቀን ስትመጣ ዕቃው ከሌለ ሌሊቱ ራሱ የለም ማለት ነው። ይህን የተማርኩት ላንጋኖ ነው።

ጥር ላይ ነበር የወረድነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ምንም አይልም፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ፒስታ ግን ያንገጫግጫል። ቱቦውን በስፖንጅ ጠቅልዬው ነበር፣ አልበቃውም። ሲመሽ ጁፒተር ላይ አነጣጠርኩ። በ120 እጥፍ ሳየው አንዱ ጠርዙ ጥርት ብሏል፣ ሌላው በጣት የተጠረገ ቀለም ይመስላል። አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበትን ሌንስ) ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቴሌስኮፑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ሁለት መስተዋት አለው። ትልቁ ከታች ተቀምጦ ብርሃን ይሰበስባል፣ ትንሹ ከላይ ሆኖ ወደ ጎን፣ ወደ ዓይናችን ያዞረዋል። ሁለቱ በትክክል ካልተያዩ ምስሉ ይጨማለቃል። መንገድ ላይ ትልቁ መስተዋት ከቦታው ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር።

ያኔ ነው ቼሻየር የሚባለው የመስተዋት ማስተካከያ ከሣጥኑ የወጣው። አጭር ቱቦ ነው፣ ሌንስ የለው፣ ድንጋይ አይበላ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ ውስጡ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ የሚያብረቀርቅ ገጽ አለ። አይፒሱን አውጥታችሁ በሱ ቦታ ትሰኩታላችሁ። በቀዳዳው ስታዩ ትልቁ መስተዋት መሃል ላይ የተለጠፈችው ቀለበት ትታያለች፣ ከሷ ጋር የቼሻየሩ ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ቀለበቷ መሃል ከገባ አለቀ። ጨለማ ከሆነ በጎን በኩል ባለው ክፍት ቦታ ባትሪ ማብራት ነው። ወንድሜ ከታች ቡሎኑን ያዞራል፣ እኔ ከላይ «ትንሽ... ትንሽ... ኧረ በቃ፣ መልሰው!» እላለሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። አይፒሱን መልሼ ሳይ የጁፒተር ሁለቱ ጥቁር ቀበቶዎች ተለይተው ወጥተዋል፣ ጨረቃዎቹም የመርፌ ጫፍ አክለዋል።

በ14 ወር ውስጥ ቼሻየሩን የተጠቀምኩት አራት ጊዜ ነው። አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ እሱን ግዙ እላለሁ። ከሱ ጋር በርካሽ የገዛሁት ሌዘርም ነበር፣ ቀይ ነጥብ መስተዋቱ ላይ የሚጥል። ቀላል ይመስላል። ግን ቦታው ላይ እንዳለ ሌዘሩን ብቻ ቀስ ብዬ ሳዞረው ነጥቡ ባለበት አይቆምም፣ መስተዋቱ ላይ ክብ ይሥላል። ማለትም ሌዘሩ ራሱ ጠማማ ነው። በጠማማ መለኪያ ሌላውን ማቃናት አይቻልም። ሌዘር ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ አዙራችሁ ሞክሩት።

የትንሹ መስተዋት ቡሎኖች በእጅ አይዞሩም፣ አለን ኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) ይፈልጋሉ። የኔዎቹ 2 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ አልነካኋትም፣ ያም ሆኖ ከሣጥኗ ክዳን ጋር በክር አስሬ አስቀምጫታለሁ። ስትጠቀሙባት ሌላኛውን የክር ጫፍ የእጅ አንጓችሁ ላይ እሰሩ፣ ቱቦውንም ወደ አግድም አስተኙት። ቱቦው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቁልፏ ከእጅ ካመለጠች የምታርፈው ትልቁ መስተዋት ላይ ነው።

ቀይ ባትሪ ሁሌ ስለሚያስፈልግ እዚህ አልቆጥረውም። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አንድ የስልክ መብራት ደግሞ በቅጽበት ያጠፋዋል፣ ይኸው ነው።

የባትሪ ድንጋይ ግን ልቁጠር። ማነጣጠሪያዬ መስኮቷ ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳይ ነች፣ የምትሠራው ሲአር 2032 በምትባል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ከተጠቀምኩባት በኋላ ሳላጠፋት አደረችና ላንጋኖ በሁለተኛው ሌሊት ሞታ ተገኘች። የዚያን ቀን ላሳያቸው ያሰብኩት ቡናን ነበር። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ኮከብ እንዲሰይሙ ሲጋብዝ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ቡና ተባለ፣ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል። ፕላኔቷ በኛ ቴሌስኮፕ አትታይም። ኮከቡ ግን በባዶ ዓይን ባይታይም በባይናኩላር እንኳ ይገኛል፣ አልማክና አልጎል በሚባሉት ሁለት ደማቅ ኮከቦች መካከል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ማለት ይቻላል። ያለ ማነጣጠሪያ ግን ዙሪያው የኮከብ ጫካ ነው። ትርፍ ድንጋይ ሣጥኗ ውስጥ ነበረች። ቀየርኳት፣ ሁለቱን ኮከቦች መሃል ያዝኩ፣ ተገኘ። ተራ ነጭ ነጥብ ነው። ወንድሜ ግን «ቡና ይሄ ነው?» ብሎ ብዙ ቆየበት፣ ከዚያ ተነስቶ የሐይቁ ዳር ላይ ብቻውን ቆመ። ድንጋይዋ ሰዓት ሠሪዎች ጋር ትገኛለች። ሁለት ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ አዲስ አበባ ቤታችን ጣሪያ ላይ ነበርን። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ደመናው እየከፈተ ይዘጋል። ከቀኑ ዝናብ የቀረው እርጥበት ሁሉ ብርጭቆ ላይ አረፈ። የማነጣጠሪያው መስኮት ጉም ለበሰ፣ ቀጥሎ አይፒሱ። ሰው እዚህ ላይ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል። አትጥረጉ! ሌንሱን ትጭሩታላችሁ፣ ጤዛው ደግሞ ወዲያው ይመለሳል። ያዳነኝ የፀጉር ማድረቂያ ነው፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከርቀት፣ አሥር ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ። መብራት ስለነበረ ተሳካልኝ። ሜዳ ላይ ስሆን አይፒሶቹን ጋቢዬ ሥር፣ ኪሴ ውስጥ አሞቃለሁ፣ እየቀያየርኩ አያለሁ። ከቱቦው አፍ ላይ የምጠቀልለውም መርካቶ የገዛሁት ጥቁር የስፖርት ምንጣፍ ነው። ቆርጬ በፕላስተር አያይዤዋለሁ፣ ጤዛ ያዘገያል፣ የጎረቤት አምፖልም ይከልላል። ዋጋው ከሁሉም ያንሳል፣ በሦስተኛ ደረጃ የማስቀምጠው ግን እሱን ነው።

አሁን ወደ ፀሐይ ማጣሪያው ልምጣ፣ ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ እሱ ስለሆነ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ እኛ ሰፈር ሰው በኤክስሬይ ፊልም ያይ ነበር። ኤክስሬይ ፊልምም ሆነ የጠቆረ ብርጭቆ ዓይን አይጠብቅም፣ ብርሃኑን ቢያደበዝዝም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋል። ትክክለኛው የማጣሪያ ፊልም ከፀሐይ ብርሃን አንድ መቶ ሺሕኛውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የኔ ባደር የሚባለው ነው፣ በኤ4 ወረቀት መጠን ይመጣል። ብር የመሰለ፣ የተጨማደደ ነገር ነው። መጨማደዱ ጥፋት አይደለም፣ ወጥሮ መለጠፍ ነው ጥፋቱ። ከቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል ይገጠማል። አይፒስ ላይ የሚጠለፍ ትንሽ የፀሐይ ማጣሪያ ካላችሁ ጣሉት። መስተዋቱ የሰበሰበው ሙቀት እሱ ላይ ያርፋልና ዓይናችሁ ከኋላው ሳለ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማጣሪያውን በካርቶን ሠርቼ ሦስት ጊዜ ተጠቀምኩበት። በአራተኛው፣ ሚያዝያ ላይ፣ የጎረቤት ልጆች ግቢያችን ተሰልፈው የፀሐይ ነጠብጣብ ሊያዩ ይጠብቃሉ። የልማዴን አደረግኩ፣ ከመግጠሜ በፊት ማጣሪያውን በእጄ ይዤ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። የፀሐይ ክብ በፊልሙ ውስጥ ደብዛዛ ሆና ትታያለች። ማጣሪያውን ትንሽ ወደ ጎን ሳንቀሳቅሰው ከካርቶኑ ጠርዝ አጠገብ አንዲት ብልጭታ አየሁ። የስኳር ቅንጣት አታክልም። ካርቶኑ ሣጥን ውስጥ ሲፋተግ ፊልሙን በስቶታል። እጄ ቀዘቀዘ። ከሰልፉ ፊት ያለችው ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች።

የዚያን ቀን አልገጠምኩትም። ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ለቅዳሜ ቀጠርኳቸው። ከፊልሙ የተረፈኝ ቁራጭ ለሙሉው ቱቦ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ወፍራም ካርቶን ወስጄ ሙሉ ክዳን አደረግኩት፣ መሃሉን ትቼ ወደ ጎን 55 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከፈትኩ፣ ቁራጩን እዚያ ላይ ለጠፍኩ። መሃሉን የተውኩት ትንሹ መስተዋት እዚያ ስለሚጋርድ ነው። ብርሃኑ ቀንሷል፣ ለፀሐይ ግን ብርሃን መች አንሶ ያውቃል። ቅዳሜ ነጠብጣቦቹ ጥርት ብለው ታዩ፣ በትልቁ ዙሪያ ያለው ግራጫ ጥላ ሳይቀር። አሁን ማጣሪያው የሚቀመጠው ለብቻው፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ነው። ስገጥመውም በፕላስተር ዙሪያውን አስረዋለሁ፣ ነፋስ ወይም የልጅ እጅ እንዳያነሳው። ማነጣጠሪያውንም ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ፣ ማንም በሱ በኩል ወደ ፀሐይ እንዳያይ።

የጨረቃ ማጣሪያ ደግሞ አለ። 13 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሁለቴ ተጠቅሜበታለሁ። እንደገና አልገዛውም። ጨረቃ ታስቸግራለች እንጂ ዓይን አትጎዳም፣ አጠገብ አንድ መብራት ማብራት ይበቃል። የአየር መንፊያዋ ኳስ ግን በበጋው አቧራ ትጠቅማለች።

በዚህ ሳምንት ለእህቴ አዲስ ፊልም እንድትልክልኝ ጽፌላታለሁ፣ ሁለት ኤ4። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሉክሶርና ጅዳ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፣ ሉክሶር ከስድስት ደቂቃ በላይ። እኛ ጋር ከፊሉ ብቻ ነው፣ ወቅቱም ክረምት ነው፣ ደመናው ከፈቀደ ማለት ነው። ልጅቷ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ይሞላታል። ከአሁኑ ተራ ይዛለች።