ለደብራችን ያሠራነው የብረት አጥር

አዘዞ መንገድ ላይ ባለ አንድ ብየዳ ቤት ለደብራችን አጥር አሠርተን አንድ ክረምት አለፈበት። የድሮ ካብና የቆየ ዛፍ ያለበት ግቢ የምታስተዳድሩ ሰዎች እዚያ ብታሠሩ ደስ ይለኛል፤ የበሩን ነገር ግን ከታች አንብቡልኝ።

ደብራችን ከጎንደር ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ካቡ በአንድ ወገን ስለፈረሰ ከብት እየገባ የጽዱንና የወይራውን ችግኝ ጨረሰብን። ሰበካ ጉባኤው ባለ እሾህ ሽቦ በአምስት መስመር አስወጠረ፤ ከብቱም ቀረ። ካቻምና ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ጥበቃው አባ ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ቶሎ ድረስ» አሉኝ። አንዲት ሚዳቋ የኋላ እግሯ በላይኞቹ ሁለት ሽቦዎች መካከል ተጠምዝዞ ቁልቁል ተንጠልጥላ አገኘኋት። ስትዘል እግሯ ከላይኛው ሽቦ ሥር ገብቷል፤ ገላዋ ወደ ፊት ሲወድቅ ሽቦዎቹ ተጠላልፈው ያዟት። በፒንሳ ቆርጠን አወረድናት፤ አልተረፈችም። አባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «በእግዚአብሔር ደጅ!» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ የዱር እንስሳ የማይጎዳ አጥር ልኩ ስንት እንደሆነ ፈለግሁ። በአሜሪካ ምዕራብ ግጦሽ መሬቶች የሚመከረው ግልጽ ነው፦ የላይኛው መስመር ከ1 ሜትር ብዙ እንዳይበልጥ፣ በላይኞቹ ሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር እንዲኖር፣ የታችኛው ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ ላይኛውና ታችኛው እሾህ እንዳይኖራቸው። በእንግሊዝ የድሮ መኳንንት ርስቶች ደግሞ አግዳሚ ብረት ብቻ ያለው አጥር የተለመደ ነው፤ ከርቀት ሲያዩት ሜዳውን አይጋርድም። ፎቶውን ይዤ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ።

ባለቤቱ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሜትርና ውሃ ልክ ይዞ መጥቶ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄደበት። ቋሚዎቹን ካቡ ውስጥ ሊተክል አልፈለገም። «ጋሼ፣ ይህን ካብ ከነካሁት የቀረውም ይናዳል» አለኝ። አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ጉድጓድ ቆፈረ። ሽኮኮዎቹ እስከ ዛሬ ከካቡ ስንጥቅ ብቅ እያሉ ፀሐይ ይሞቃሉ። የበሩ ግንብ እንደ ፋሲል ግንብ በኖራ የተገነባ ስለሆነ ሲሚንቶ እንዳያስጠጋበት ለመንኩት፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋልና። እሺ ብሎ የበሩን ቋሚ ለብቻው አቆመው።

በጣም የወደድኩት የቋሚዎቹን አናት ነው። ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቋሚ፣ አናቱ ክፍት ከተተወ ትንንሽ ወፎች ጎጆ ይሆነናል ብለው ይገቡና ግድግዳው ስለሚያዳልጣቸው መውጣት አቅቷቸው ይሞታሉ። ይህን ስነግረው እያንዳንዱን አናት በላሜራ ደፍኖ ዙሪያውን በየደው። እጄን አዙሬበታለሁ፤ ክፍተት የለውም። ላይኛው አግዳሚ ስለታም ጠርዝ እንዳይኖረው ክብ ቧንቧ ነው።

ያስቸገረን ፍየል ነው። ለሚዳቋ የሚበቃ ቀዳዳ ለፍየልም ይበቃል። ሁለት ቀን ተከራክረን፣ በከብቱ መስክ በኩል ታችኞቹን አግዳሚዎች አጠጋግተን፣ መንጋ በማይደርስበት በገደሉ በኩል ብቻ ባለ 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ በሁለት ቦታ ተውን፤ ሁለቱም ድሮውኑ የሚዳቋ ዱካ የነበረባቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት በአንደኛው ሥር የጃርት እሾህ ወድቆ አገኘሁ፤ አባ ወስደው ሰዓታት መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀመጡት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በሩ ከተባለው ቀን ሦስት ሳምንት ዘገየ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ማጠፊያው ረግቦ በሩ መሬት መጎተት ጀመረ፤ ካህናቱ ለኪዳን ሲገቡ በሁለት እጅ ያነሱት ነበር። ብየዳው ላይ የተቀባው አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ስስ ስለነበረ ከክረምቱ በኋላ ዝገት ታየ። ደውዬ በሳምንቱ መጣና ማጠፊያውን በወፍራም ቀየረ፤ ዝገቱንም ፍቆ እንደገና ቀባ፤ ገንዘብ አልጠየቀም። ያም ሆኖ መጀመሪያውኑ ሊደረግ ይገባው ነበር።

ዋጋው ከእሾህ ሽቦው ከእጥፍ በላይ ነው። ምእመናኑ አዋጥተው ከፈሉ፤ የሚዳቋዋን ነገር የሰማ ሁሉ ሳያመነታ ነው ያዋጣው። በደቡብ በኩል የቀረውን እዚያው ብየዳ ቤት አዘናል። ውሉ ላይ የማጠፊያውን ውፍረት፣ ሁለት ዙር አንቲረስትና በሩ የሚደርስበትን ቀን አስጽፈናል።