«ረግረጉ ደጃፍ ላይ ነን» ሲሏችሁ፣ በየትኛው ደጃፍ በሏቸው

አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ለስፕሪንግ ብሬክ (ለትምህርት ቤቱ የጸደይ ዕረፍት) አርቪ፣ ያችን ማደሪያና ማብሰያ ያላትን ትልቅ መኪና ተከራይታችሁ፣ ልጆቹን ጭናችሁ ደቡብ ጆርጂያ ወዳለው ኦኬፊኖኪ ረግረግ ልትወርዱ ካሰባችሁ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኛ ከፍለን ነው የተማርነው። 468 ዶላር።

ሰባት ነበርን። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆች፣ እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እማዬ። እማዬ አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ያየችው ቤታችንን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ኮስትኮን ነው። አንዴ እንኳ ወጣ እናድርጋት ብለን ነው ነገሩን የጀመርነው።

የያዝነው የግል የአርቪ ማደሪያ ማስታወቂያ እንዲህ ይል ነበር፦ ኦኬፊኖኪ ረግረግ ደጃፍ ላይ፣ ጸጥ ያለ፣ ለቤተሰብ የሚመች፣ 50 አምፕ መብራት፣ ሌሊቱ 65 ዶላር። ፎቶው ላይ ውኃ ውስጥ የቆሙ ዛፎች አሉ። በመሀላቸው የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል። ያንን አይቶ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ማን ነው? አራት ሌሊት ያዝኩ። ገንዘቡ እንደማይመለስ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ እሱን ያነበብኩት በኋላ ነው።

አሁን ስለ ቦታው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማታለያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦኬፊኖኪ ትንሽ ኩሬ አይደለም። በ1937 የተቋቋመው የዱር እንስሳት መጠለያ ብቻውን ከ400 ሺህ ኤከር በላይ ነው። በመሀሉ ሰንጥቆ የሚያልፍ የመኪና መንገድ የለም። ሰው በዋናነት የሚገባው በሦስት በኩል ነው፦ በምሥራቅ ከፎክስተን፣ በምዕራብ ከፋርጎ፣ በሰሜን ከዌይክሮስ። ከምሥራቁ በር ወደ ምዕራቡ ለመሄድ ረግረጉን በደቡብ መዞር አለባችሁ። መንገዱ ጭራሽ ፍሎሪዳ ገብቶ ይመለሳል። በትንሽ መኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፤ በአርቪ ደግሞ ጨምሩበት።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዙሪያ ያለ ባለ መሬት ሁሉ «ረግረጉ አጠገብ ነኝ» ቢል ውሸታም አትሉትም። የኛው «ደጃፍ» ከቅርቡ በር 40 ደቂቃ ነበር። ፎቶውም የእነሱ አይደለም። በሁለተኛው ቀን በምሥራቁ በር ገብተን ቼሰር ደሴት የሚባለው ቦታ ላይ ያለውን የእንጨት መተላለፊያ ስንሄድበት፣ ትልቋ ልጄ ቆም አለችና «አባዬ፣ ይሄ እኮ የዌብሳይቱ ፎቶ ነው» አለችኝ። ስልኬን አውጥተን አስተያየነው። ዛፉ ራሱ፣ የመተላለፊያው መታጠፊያ ራሱ። የመንግሥትን መሬት ፎቶ ለጥፈው ነው የሚያከራዩት።

ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። ከስድስት ሰዓት መንዳት በኋላ ደረስን። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰውዬ በመስኮት አጮልቆ ቆጠረን። 65 ዶላሩ ለሁለት ሰው ነው አለኝ። ለቀሩት አምስቱ በሰው 8 ዶላር፣ በየሌሊቱ። ያ 160 ዶላር ነው። ደግሞ «የመዝናኛ ክፍያ» የሚባል በቀን 12 ዶላር አለ። መዝናኛው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ በአገጩ አመለከተኝ፤ አንድ ዥዋዥዌ፣ ያውም ሰንሰለቱ በአንድ ወገን የተበጠሰ። እኛ ሐበሾች ሁለት ሆነን የትም ሄደን አናውቅም። ስለዚህ ስትደውሉ ዋጋውን ሳይሆን «ለሰባት ሰው፣ ለአራት ሌሊት፣ ጠቅላላው ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በኢሜይል አስልኩ።

ቀጥሎ መብራት። ይህን ነገር አርቪ ነድተው የማያውቁ ሰዎች ስለሚያልፉት ትንሽ ልቆይበት። 30 አምፕ ሶኬት የሚሰጣችሁ 3,600 ዋት ነው። 50 አምፕ የሚባለው ግን ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። ልዩነቱ የሃያ አምፕ አይምሰላችሁ። የተከራየነው መኪና ሁለት ኤሲ ነበረው። ቦታችን ላይ የቆመውን የመብራት ሣጥን ስከፍት ያለው 30 ብቻ ነው። ሰውዬው ጋ ተመለስኩ። «አዳፕተር አለን» አለኝ፣ መሳቢያውን ስቦ። 45 ዶላር! ገዛሁት፣ ምን ላድርግ። ግን አዳፕተር መሰኪያውን ነው የሚያገጣጥመው እንጂ ኃይል አይጨምርም። እህቴ ኤሲው እየሠራ ወጥ ልታሞቅ ማይክሮዌቩን ስትነካው ብሬከሩ ቷ ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ወይ መብላት ወይ መቀዝቀዝ ሆነ ምርጫችን። ደቡብ ጆርጂያ በሚያዝያ ሙቀቱ ቀላል አይደለም።

ውኃው ደግሞ የጉድጓድ ነው። በዚያ አገር የጉድጓድ ውኃ የድኝ ሽታ ቢኖረው ብርቅ አይደለም። ግን ንገሩን እንጂ! እማዬ ጀበናዋን ሞልታ ጣደች። ቡናው ሲፈላ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። አንዴ አሸተተችና ጀበናውን ይዛ ወጥታ ሣሩ ላይ ደፋችው። «ይሄ ውኃ የሞተ ነው» አለች፣ ሌላ አልተናገረችም። በማግስቱ የታሸገ ውኃ ፍለጋ ግማሽ ጠዋት ነዳሁ።

ጸጥታውስ? በዚያ በኩል የሚያልፈው የባቡር መስመር ወደ ፍሎሪዳ የሚወርደውና የሚወጣው የዕቃ ባቡር የሚታጨቅበት ነው። ፎክስተን ከተማ ውስጥ ባቡር ለማየት ብቻ ለሚመጡ ሰዎች መቀመጫ ያለው መመልከቻ መድረክ ተሠርቶላቸዋል። ለወዳጁ ጥሩ ነው፣ ልጆቼም ቀን ቀን ወደውት ነበር። የኛ ማደሪያ ግን ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጡሩንባው ሲነፋ ትንሹ ልጄ ከአልጋው ወደቀ። ከመያዛችሁ በፊት ቦታውን በሳተላይት ካርታ ከላይ እዩት። ሐዲድ፣ አውራ ጎዳና፣ ሁሉም ይታያል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን አላደረግኩትም።

ሁለት ሌሊት አድረን ጥለን ወጣን።

ረግረጉን ግን አትተዉት። ውኃው እንደ ጠቆረ ሻይ ነው፣ ቅጠልና ሥር ስለሚበሰብስበት። አሊጌተሩ መንገድ ዳር ፀሐይ ይሞቃል። እማዬ «አዞ ለማየት ከሆነ አርባ ምንጭ ምን አነሰኝ» ብላ ስታበቃ ከሁላችን ዘግይታ የተነሳችው እሷ ነበረች።

ማደሪያ ለሚፈልግ፣ እዚያው መጠለያው ውስጥ በአርቪ ማደር የሚቻለው ስቲቨን ፎስተር በሚባለው የጆርጂያ ግዛት ፓርክ ነው። ከፋርጎ 18 ማይል ወደ ውስጥ ይገባል። እስከ 13 ወር አስቀድሞ ማስያዝ ስለሚቻል ለትምህርት ቤት ዕረፍት በጊዜ ካልያዛችሁ አታገኙም። ነዳጅና ምግብ ሳትይዙ አትግቡ። በሩ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አሥር ላይ ይዘጋል። በዌይክሮስ በኩል ደግሞ ሎራ ዎከር የሚባል ሌላ የግዛቱ ፓርክ አለ፣ ከረግረጉ ውጭ ቢሆንም። ከግንቦት ወዲያ የምትሄዱ ከሆነ ስለ ቢጫዋ ዝንብ ጠይቁ፤ ንክሻዋ ከትንኝ ይብሳል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ወይም በጥሬ ገንዘብ የሚል ካለ ሽሹ። ቃል የተገባላችሁ ካልተሰጣችሁ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር ትችላላችሁ። እኔ የማስታወቂያውን ስክሪንሾትና የመብራት ሣጥኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ለባንኩ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያላደርንባቸውን የሁለቱን ሌሊት ኪራይ፣ 130 ዶላር መለሱልኝ። የመዝናኛውን ክፍያ ግን አልመለሱም። አዳፕተሩም ጋራዥ ውስጥ አለ፤ የሚፈልግ ካለ በነጻ እሰጣለሁ።