ዊንዶውስ ዲፌንደር፦ መቆለፉ ጥሩ ነው፣ ማን እንደቆለፈው ቢናገር ደግሞ የበለጠ

ዘመዶቼ ኮምፒውተር ሲያስቸግራቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ስለዚህ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ በራሴ ማሽን ላይ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሰው ላፕቶፕ ላይ አውቀዋለሁ። ነፃ ነው። ሥራውን በዝምታ ይሠራል። ለተራ ተጠቃሚ ይበቃል ባይ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ጠባዩ ነው፤ ሴቲንጉ ተቆልፎ አልነካ ስለሚልበት ጊዜ።

ምልክቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሪል ታይም ፕሮቴክሽን (ፋይሎችን በየቅጽበቱ የሚፈትሸው ጥበቃ) የሚለው ማብሪያ ማጥፊያ ግራጫ ይሆናል። ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም። አጠገቡ በቀይ "ይህ ሴቲንግ የሚተዳደረው በአድሚኒስትሬተርዎ ነው" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የእህቴ ልጅ ይህን አይቶ ግራ ገባው። "አክስቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ የራሴ ነው፤ ከእኔ ሌላ አድሚን ከየት መጣ?" አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ፖሊሲ የሚባል ትእዛዝ አለ። አንድ ሴቲንግ ላይ ፖሊሲ ከተጻፈ ባለቤቱም ቢሆን ከስክሪኑ ላይ ሊቀይረው አይችልም። ፖሊሲውን የጻፈው መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚወጣው ግን ያው አንድ መስመር ነው። እዚህ ላይ ነው ነጥብ የምቀንስበት። አንድ ስም ቢጨመርበት ስንት ሰው ከመደናገጥ በዳነ!

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ምክንያቱ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ነበር። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው መመሪያ "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላል። ታምፐር ፕሮቴክሽንንም ጨምሮ። ይህች ማብሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣች ናት፤ ሥራዋ ሌላ ፕሮግራም በሬጂስትሪም (የዊንዶውስ ሴቲንጎች የሚመዘገቡበት ቋት) ሆነ በፓወርሼል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) በኩል ዲፌንደርን እንዳያጠፋ መከልከል ነው። እሷ ከጠፋች በሩ ክፍት ነው። ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቼ ፖሊሲስ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ ዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ከዚያ ሪል ታይም ፕሮቴክሽን የሚለውን ፎልደር ስከፍት፣ "ዲስኤብል ሪልታይም ሞኒተሪንግ" የሚል መስመር ቁጥር 1 ተሰጥቶት ቁጭ ብሏል። የታዘዘው ይኼው ነበር፤ ጥበቃው ይጥፋ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ መስመሩን ይሰርዝና "ተስተካከለ" ይላል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። የጻፈው ፕሮግራም አሁንም ውስጥ ካለ መልሶ ይጽፈዋል። ኦፍላይን ስካን ይቅደም። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈተሻል፤ ተደብቆ የተቀመጠ ነገር ያን ጊዜ ራሱን መከላከል ይከብደዋል። ቀጥሎ ኤክስክሉዥን የሚለውን ዝርዝር እዩ፤ "እነዚህን አትፈትሽ" ተብለው የተመዘገቡ ፎልደሮች እዚያ አሉ። ልጁ ጋ ሙሉው የሲ ድራይቭ ተመዝግቦ አገኘሁት! ይኼ እያለ ስካኑ ብዙም ዋጋ የለውም። ስለዚህ እሱን አጥፍቼ እንደገና ፈተሽኩ። የፖሊሲውን መስመር የሰረዝኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ሪስታርት አድርጌ ታምፐር ፕሮቴክሽንን መለስኩ። ሬጂስትሪ ከመንካታችሁ በፊት ግን ኤክስፖርት አድርጋችሁ ቅጂ አስቀምጡ።

የእህቴ ደግሞ ሌላ ነው። ምንም ቫይረስ የለባትም። የሥራ ኢሜይሏን ላፕቶፑ ላይ ስታስገባ "መሥሪያ ቤቴ ይህን ኮምፒውተር እንዲያስተዳድር ፍቀድ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱ ቀድሞ ተደርጎ ነው የሚመጣው። እሺ ብላ አለፈች። ከዚያ ወዲያ የመሥሪያ ቤቷ ፖሊሲ በግል ላፕቶፗ ላይ ይሠራል። ይህን ለማየት ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ከዚያ "አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል" ውስጥ መግባት ነው። የመሥሪያ ቤት አካውንት እዚያ ከተቀመጠ ቆላፊው ተገኘ ማለት ነው። ማላቀቅ ይቻላል፤ ግን የሥራ ፋይሎች አብረው ሊሄዱ ስለሚችሉ አስቀድሞ አይቲ ክፍሉን መጠየቅ ይሻላል። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ከሆነ ደግሞ ፖሊሲው የሚነካ ነገር አይደለም። የተቆለፈው ለምክንያት ነው።

ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ቦታውን ይለቃል። ይህ ጤናማ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ይጋጫሉ። ችግሩ ያኛው በደንብ ሳይራገፍ ሲቀር ነው። አንድ ጊዜ በክፍያ የሚሠራ አንቲቫይረስ፣ ስሙን ልተወው፣ ከተራገፈም በኋላ ርዝራዡ ቀርቶ ዲፌንደር አልነሳም ብሎኝ ነበር። የዚያው አምራች ያዘጋጀውን ማራገፊያ አውርጄ ስጠቀም ተነሳ።

ለአይቲ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፓወርሼል ላይ "ጌት ኤምፒ ኮምፒውተር ስታተስ" የሚለው ትእዛዝ ታምፐር ፕሮቴክሽን መብራቱንና ዲፌንደር በየትኛው ሁኔታ እንደሚሠራ ያሳያል። የግሩፕ ፖሊሲ ማስተካከያው ሆም በሚባለው ዊንዶውስ ላይ የለም፤ እዚያ ያለው መንገድ ሬጂስትሪ ነው።

ሪል ታይም ፕሮቴክሽንን አጥፍታችሁት ከቆይታ በኋላ በራሱ ቢበራ ደግሞ ብልሽት አይደለም። ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል፣ እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን የምጨምርለት ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ሥር የቆላፊውን ስም የጻፈ ዕለት ነው።