ዓድዋን ጠረጴዛ ላይ ለማጫወት፦ ባለ 28፣ ባለ 15 ወይስ ባለ 6 ሚሊሜትር?

ጅማ ላይ በአዳራሽ ዝግጅት የዓድዋን ጦርነት በትንንሽ የወታደር ምስሎች ለማጫወት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የምስሉን ቁመት ነው። ጠረጴዛውም፣ ቀለሙም፣ ጭነቱም ከዚያ ይከተላሉ።

ባለ 28 ሚሊሜትሩ ዓይን ይስባል። ጋሻው፣ ጎፈሩ፣ የዝናሩ ጥይት ሳይቀር ይለያል፤ ተመልካቹም ከቆመበት ሆኖ የራስ ማዕረግ ያለውን አዛዥ ከተራው ወታደር ይለያል። ችግሩ ብዛት ነው። የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲዬሪ ጦር ወደ 17,000፣ የምኒልክ ደግሞ ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ምስል 50 ሰው ይወክላል ብንል እንኳ 340 ለ2,000 ይሆናል። ይህን ሁሉ ማን ቀብቶ ይጨርሳል? ስለዚህ 28 የሚገዛ ሰው ጦርነቱን በሙሉ አይመኝ፤ የጣሊያኑን ጄኔራል የአልቤርቶኔን ብርጌድ ብቻ ይያዝ። የጣሊያኖቹ ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለቦታው ስላስቀመጠ ከሌሎቹ ተነጥሎ የሄደው እሱ ነው። ለተጫዋቹ ያንኑ የተሳሳተ ካርታ ስጡት፣ ጨዋታው ያኔ ይጥማል።

በባለ 6ቱ ሠራዊቱ ሠራዊት ይመስላል። ሌላው የጣሊያን ጄኔራል ዳቦርሚዳ ከአልቤርቶኔ ምን ያህል እንደራቀ በ180 በ120 ሴንቲሜትር ጠረጴዛ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አቀባቡም ቶሎ ያልቃል። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን የተበተነ ጤፍ ነው። ለቤት እንጂ ለአዳራሽ አልመክረውም።

እኔ ብሆን ባለ 15ቱን እገዛለሁ። አንዱን ምስል በ100 ሰው ካሰብነው 170 ለ1,000 ነው፤ ለአንድ ሰው ብዙ ቢሆንም ጓደኛሞች ተከፋፍለው ይቀቡታል። አራቱን የጣሊያን ብርጌዶች ለአራት ተጫዋች፣ የራስ መኮንንን፣ የራስ አሉላን፣ የራስ ሚካኤልን ጦር ለሌሎች መስጠት ይቻላል። ሕጉ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የአዳራሽ ተጫዋች መጥቶ ሂያጅ ነው።

የብረት ምስል ይከብዳል፤ ቫርኒሽ ካልተቀባ በባጃጅ መንገጫገጭ ቀለሙ ይላጣል። ፕላስቲክ ይሻላል። ሬዚን (ሙጫ መሰል ፈሳሽ ደርቆ የሚሆነው) ያምራል፣ የወደቀ ዕለት ግን ይሰበራል።

ለተራራው ኮምፔንሳቶ ጠንካራ ነው፣ ፎም ግን ቀላልና በቢላ የሚቀረጽ ነው። የሚረጭ ቀለም ፎሙን ስለሚበላው በውሃ የሚበጠበጠውን ግዙ። ለአፈሩ ገንዘብ አታውጡ፦ የቡና አተላ በኮላ ይለጠፋል፣ ጅማ ላይ ደግሞ አተላ የሚጠፋበት ቤት የለም። በክረምት ግን በምጣድ አመስ አመስ አድርጉት፤ እርጥበት ከቀረው ይሻግታል።